በልጄ ውስጥ የተከማቸው

ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር ለላይሶዞም የምሰጠው ጊዜ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ አይሞላም ነበር። ሰሌዳው ላይ ሴል እሥላለሁ፤ መሀሉ ላይ ኒውክለስ፣ ዙሪያውን ማይቶኮንድሪያ፣ ከዚያ ዳር ላይ ትንሽ ክብ ነገር አደርግና «ይቺ ደግሞ የጽዳት ክፍሏ ናት» እላለሁ። በቃ። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ናት፣ እሷም ምርጫ። ልጆቹ ቶሎ እንዲገባቸው ቆራሌውን እጠራላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በየደጃችን የሚያልፈው ሰውዬ ምን ያደርጋል? የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የዛገ ድስት፣ ያለቀ ጫማ ይሰበስባል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል። እዚያ ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ሴልም እንደዚያው ናት፤ ያረጀ ፕሮቲን፣ የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ ሲኖራት በስስ ሽፋን ጠቅልላ ወደዚያች ክብ ከረጢት ትልከዋለች። ከረጢቷ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ቆራርጠው ቆራርጠው መልሰው ለሥራ ያቀርቡታል። «ቲቸር፣ ማለቴ፣ ቆራሌው ባይመጣስ?» ያለኝ ተማሪ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። «ቤታችሁ ይቆሽሻላ!» አልኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ያን ጊዜ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት፣ ካዛንቺስ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ምላሷ አያርፍም ነበር። ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከኦሎምፒያ በእግሩ ይመጣል። ገና የግቢውን ብረት በር ሲነካ «አባዬ!» ብላ ትነሣለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስሜ አይነሣም። የመጀመሪያ ቃሏም «አባ» ነበር። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ፣ የምትጠሪው እሱን! ውለታ ቢስ!» እያልኩ ጉንጯን እቆነጥጣታለሁ፤ በሳቅ ትፈርሳለች። እሱ ደግሞ ይኮራብኛል። «ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ሰው ታውቃለች» ይላል። ደስተኞች ነበርን ብዬ መጻፍ ያስፈራኛል። ግን ነበርን።

ሦስት ዓመቷን ካከበርን ብዙም ሳይቆይ መውደቅ ጀመረች። መጀመሪያ ጫማው ሰፍቷት ነው አልን፤ ሌላ ተገዛላት፣ ወደቀች። ከዚያ አንድ ቀን ቁርስ እየበላች ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ሰውነቷ ደረቀ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ነው ብለው ኪኒን ሰጡን። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። ላንቻ የሚኖሩት አማቴ ጠበል ይሻላታል አሉ። ሁሉንም አደረግን፤ ኪኒኑንም፣ ጠበሉንም፣ ዓይን ያወጣል የተባለውንም። መንቀጥቀጡ ትንሽ ረገብ አለ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ልጄ የምታውቀውን መርሳት ጀመረች።

መጨረሻ የተማረችው ነው መጀመሪያ የሄደው። ቀለማቱን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ረሳች። ቀጥሎ መዝሙሩ ሄደ። ቀጥሎ የጎረቤት ልጆች ስም። አንድ ቀን ማንኪያ ሰጠኋት፤ ገልብጣ ገልብጣ አየችው፣ ምን እንደሚደረግበት ጠፋት። ኩሽና ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው የማያውቀውን እንዴት እንደሚያውቅ እንጂ የሚያውቀው እንዴት ከውስጡ እንደሚወጣ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስንመላለስ ቆይተን፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ክሊኒክ ያላት አንዲት የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። የልጄን ደም ውጭ አገር አስልካ አስመረመረችልን። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም አስቀመጠችንና ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች። ሐኪም ወንበር ሲያቀርብ ደህና ነገር ሊናገር አይደለም።

«ላይሶዞም የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አስተምረዋለሁ» አልኳት።

ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው አደረገች። ሴትዮዋ አሳዘነችኝ። ለማያውቅ ሰው ለመንገር የተዘጋጀችው ማለሳለሻ ሁሉ ከንቱ ሆነባት። እኔ ደግሞ ከባለቤቴ ቀድሜ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያን ቀን የምቀናው በማያውቁት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከረጢቷ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ አንዱ የሚቆርጠውን ሌላው አይቆርጥም። ልጄ ከእነሱ አንዱን ይዛ አልተወለደችም። አንዱን ብቻ። ስለዚህ ሴሎቿ ያረጀውን ይሰበስባሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ወደ ከረጢቱ ያደርሳሉ፤ እዚያ ሲደርስ ግን የሚቆርጠው የለም። ይከማቻል። ሲከማች ከረጢቱ ያብጣል፤ ሌላውም ጽዳት ይስተጓጎላል፤ የተበላሸው ማይቶኮንድሪያ ሳይቀር መውጫ ያጣል፣ ሴሏም ትታፈናለች። ቆዳችን ቢሆን ግድ የለም፤ ያረጀው ሴል ተቀርፎ ይወድቃል፣ አዲስ ይተካል። አንጀትም እንደዚያው። የአንጎል ሴል ግን ተተኪ የላትም ማለት ይቻላል። ከእናት ማኅፀን ጀምሮ እስከ መቃብር ያቺው ናት፤ በየቀኑ ራሷን ካላጸዳች አለቀላት። ዶክተሯ እንደነገረችን ሽማግሌዎች ላይ የሚመጣው መርሳትና መንቀጥቀጥም የዚህ ዘመድ ነው፤ ጽዳቱ ከዕድሜ ጋር እየደከመ ሲሄድ የሚከተል። በሰባ ዓመት የሚመጣው ልጄ ላይ በሦስት ዓመቷ መጣ።

«መድኃኒቱስ?» አለ ባለቤቴ።

ለአንዳንዱ ዓይነት ውጭ አገር የጎደለውን ኢንዛይም አንጎል ውስጥ የሚሰጡበት ሕክምና እንዳለ፣ እሱም ገና በጊዜ ከተጀመረ የበሽታውን ጉዞ እንደሚያዘገየው፣ እዚህ ግን እንደሌለ፣ ለልጃችንም ጊዜው እንዳለፈ ነገረችን። የምንሰጣት መንቀጥቀጡን የሚይዘውን ኪኒን ብቻ ነው፤ በሰዓቱና ከምግብ ጋር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓይኗም እየደከመ ይሄዳል» አለች። «አሁን ታውቃችኋለች። የምታውቃችሁ ጊዜ ረጅም አይደለም። አጠገቧ ሁኑ፤ ሁለታችሁም። እኔ የማዝላችሁ ትልቁ ነገር ይኸው ነው።»

ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህን አልረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ ሰው እያወቀች ባለችባት በዚያች አጭር ጊዜ የምትወዳቸው ሰዎች አጠገቧ መኖር። መዳን አልነበረም የምለምነው። እሱን ዶክተሯ ወንበሯን ስትስብ ቀብሬዋለሁ።

ልንወጣ ስንል ዶክተሯ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «በሽታው የሚመጣው ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲደርስ ነው። እናንተ ጤነኛ ናችሁ፤ ግን ሁለታችሁም ተሸክማችሁታል። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ነው። ዘመድ ናችሁ?»

ባለቤቴ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በጭራሽ! ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው።»

«ለሁሉም የምጠይቀው ነው» አለች። «የማይዛመዱ ሰዎችም ይገጥማቸዋል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

እኔ «የማንም ጥፋት አይደለም» የሚለውን ይዤ ወጣሁ። እሱ ጥያቄውን ይዞ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ልጃችን ጭኑ ላይ ተኝታ ጢሙን በጣቷ እየሳበች፣ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። «ሰባት ቤት ተቆጥሯል አይደል?» አለኝ። «ተቆጥሯል» አልኩት። «አባትሽ ነበሩ የቆጠሩት አይደል?» ምን ላድርገው? አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማረውና ከመቃብር ተነሥቶ አይመሰክርም።

የሁለታችንም ዘር ከሰሜን ሸዋ ነው። በእኛ ወግ ሰው ሲጋባ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባተኛው ቤት ይቆጥራሉ። እዚያ ድረስ የጋራ ሰው ከተገኘ እህትና ወንድም ናችሁ፣ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። የእኛን የቆጠሩት አባቴና የባለቤቴ አጎት ነበሩ፤ ንጹሕ ነው ብለው መርቀውን ነው የተጋባነው። ባለቤቴ ግን በማግስቱ ላንቻ ሄዶ የዶክተሯን ጥያቄ ለእናቱ ነገራቸው። አማቴ ወንድማቸውን ጠሩ። አጎትየው አገር ቤት ደወሉ፣ ዘመድ አስጠየቁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱም ነጠላቸውን እንዳጣፉ እኛ ቤት መጡ።

አጎትየው ክፉ ሰው አይደሉም። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀመጡና «ልጄ፣ እኔና አባትሽ ስንቆጥር በወንድ በኩል ያለውን አንድም አልሳትንም» አሉኝ። «በሴት በኩል ነው የዘለልነው። አንዲት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያገባችው የእኛን ሰው ነው፤ ሴት ልጅ ወለደችለት። ሲሞት ሕፃኗን ይዛ ሌላ አገባች። ልጅቷ በእንጀራ አባቷ ስም ተጠራች፣ በዚያው ቀረች። የአባትሽ ዘር የመጣው ከዚያች ልጅ ነው።» እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስተኛው ቤት ላይ ቆሙ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አማቴ ደረታቸውን መቱ። «ይኸው! ይኸው! እኔ እኮ ብያለሁ። ሳታውቁ ነው ልጆቼ፣ ግን ኃጢአት ኃጢአት ነው። ተለያዩና ንስሐ ግቡ። ሕፃኗ ትድናለች፤ እሷ ምን በደለች?»

እኔ ተይ ቢሉኝም የማልመለስበት ቁጣ አለኝ። «እማማ» አልኳቸው፣ «ስድስተኛ ቤት ማለት እኮ ባዕድ ማለት ነው። ከእሱ ይልቅ ከላንቻ ሲመጡ ታክሲ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀርበኝ አይቀርም። ይሁን፣ ዘመዶች ነን እንበል። ታዲያ ብንፋታ የጎደላት ኢንዛይም በምን ይመጣላታል? በታክሲ?»

«አንቺ ልጅ፣ በእግዚአብሔር ሥራ አትቀልጂ» አሉ።

«እኔ ነኝ የምቀልደው?» አልኩ። ጮህኩ። ልጄ ፍራሿ ላይ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች፤ «አባዬ» ብላ እጇን ዘረጋች። ያኔ የቀሯት ቃላት «ውሃ»፣ «እምቢ» እና «አባዬ» ነበሩ። ባለቤቴ አነሣት፣ አንገቱ ውስጥ ገብታ ጢሙን ያዘች። እሱ እናቱን ሳይቃወም ታቅፏት ወደ ጓዳ ገባ። ያ አለመቃወሙ ነው ያስፈራኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በሳምንቱ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ሲከት አገኘሁት። «ተፋታን ማለት ነው?» አልኩት።

«ፍቺ አይደለም። ስለት ነው» አለኝ። «ሰው የሚሳለው የሚወደውን ነው። እኔ ከእሷ የበለጠ የምወደው የለኝም። እስክትድን ድረስ ይህን ደጃፍ ላልረግጥ፣ ላላያት ተስያለሁ።»

እግዚኦ! ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። የእኔ ባል ልጁን ማየት ተሳለ። «ዶክተሯ ያለችውን አልሰማህም?» አልኩት። «የምታውቀን ጊዜ አጭር ነው ብላለች እኮ! እኔን ተወኝ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ መጥተህ እያት። በቃ እኔ ከቤት ልውጣልህ።» አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ሻንጣው ላይ ተደፍቶ። «ካልሞከርኩ እንዴት ብዬ እኖራለሁ?» አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ የእኔው የጨነቀው ጥሎን ሄደ። ልጄ ተኝታ ስለነበር ሲወጣ አላየችውም። ግንባሯን ሳማትና ላንቻ፣ እናቱ ቤት ሄደ።

አመሻሽ ላይ ሁልጊዜ በሚመጣበት ሰዓት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «አባዬ» አለች። ጎረቤት የግቢውን በር ሲከፍት «አባዬ»። ነፋስ ሲያንኳኳው «አባዬ»።

ስልክ ይደውላል። «ተሻላት?» ነው የሚለው፤ ሰላምታ እንኳን የለም። «አልተሻላትም። እየጠራችህ ነው፣ ና» እላለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት፤ የእሱን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ በራና «አባዬ! አባዬ!» አለች፣ ጥርት አድርጋ። «ስለቱ እየሠራ ነው» አለኝ ከወዲያ ማዶ። «ሰማሻት? አጥርታ ነው የተናገረችው። እየተሻላት ነው። አሁን ብመጣ አፈርሰዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ምን ልበለው? ትጠራሃለች ስለው ስለቱ ሠራ ይላል። አትጠራህም ስለው ገና አልሠራም፣ ልጽና ይላል። በየት በኩል ልግባለት? ተማሪ ሲሳሳት የት ጋ እንደሳተ አሳየዋለሁ፤ ባሌ የሳተበት ቦታ ግን ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ የቆለፈውም ፍቅር ነው። ጠላሁት። እንዲያ የጠላሁት ሰው በሕይወቴ የለም። ደግሞ አሳዘነኝ። ሁለቱንም በአንድ ልብ መሸከም አደከመኝ።

ላንቻ ድረስ ልጄን ታቅፌ ልሄድበት አስቤ ነበር። ግን መኪና ውስጥ መንቀጥቀጡ ይብስባታል፤ ደግሞም እሱ እንዳያያት ጓዳ ገብቶ በሩን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። በር ተዘግቶባት «አባዬ» ስትል መስማቱን አልቻልኩትም።

በዐቢይ ጾም ደግሞ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰውዬ ነጭ ጋውን ለብሶ «ጾም ሴልን ያጸዳል፣ የተበላሸውን ያስወግዳል» እያለ እጁን ያወናጭፋል። ከቪዲዮው ጋር የድምፅ መልእክት፦ «አንቺ ራስሽ የምታስተምሪው ነው እኮ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብናስጾማትስ?» ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ደረስኩ። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ሴል ስትራብ ከውጭ የምታገኘው ሲያንሳት የራሷን አሮጌ ዕቃ ሰብስባ እየቆረጠች ትበላለች፤ ኦቶፋጂ ይሉታል፣ ራስን መብላት። በደህና ሰው ላይ ደግ ነገር ሳይሆን አይቀርም። የእኔ ልጅ ግን የጎደላት መሰብሰቡ አይደለም። ሴሎቿ ሲሰበስቡ ውለው ሲሰበስቡ ያድራሉ። የጎደላት መቁረጡ ነው። ብናስጾማት ክምሩ ላይ ክምር ነው የምንጨምርባት። ኪኒኑም በባዶ ሆድ አይሆንም። ይህን ሁሉ አስረድቼ ላክሁለት። «እሺ፣ እኔ እጾምላታለሁ» ብሎ መለሰ። ጾመላትም። እናቱ ቤት እህል ሳይቀምስ እየዋለ ከሳ አሉ። የእሱ ሴሎች ጸድተው ይሆናል።

የምኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከአንድ ሕፃን ሰማዕት ነው፤ ከእናቱ ጋር ወደሚፈላ የውሃ ጋን ሲወስዱት እሷ ስትፈራ እሱ ያጸናት የሦስት ዓመት ልጅ። በወርኃዊ በዓሉ ቤተ ክርስቲያኑ ሄጄ ከኋላ በኩል ቆምኩ። ለመጸለይ አልነበረም፤ ለመጣላት ነው። «አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር» አልኩት። «ልጅነት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። እናትህን እስከ መጨረሻው አውቀሃታል፤ ስሟን ጠርተሃል። ለእኔ ልጅ ይህን ያህል ምን ይበዛባት ነበር?» አጠገቤ የቆሙት እናት በጎንዮሽ አዩኝ፤ ጮክ ብዬ ኖሯል። ጸበል ጻዲቅ ሳልቀምስ ወጣሁ።

በዚያ ዓመት ካዛንቺስ ራሱ እየሳሳ ሄደ። ቤቶቹ ለልማት ሲፈርሱ ጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ ወደ አቃቂ፣ አንዳንዶቹ ወደ የካ ተበተኑ። የእኛ ግቢ ለጊዜው ቀረ። ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ነው የማስተምረው፤ ያን ሰዓት ልጄን የምትይዝልኝ ሴት አለች። የሴል ምዕራፍ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ኒውክለሱን ሣልኩ፣ ማይቶኮንድሪያዎቹን ሣልኩ፣ ዳር ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። «ይቺን ከመጽሐፉ አንብቡ» አልኳቸው። ምን ብዬ ላስተምር? ዕድሜ ልካችሁን የምታኖራችሁ ይቺ ነጥብ የምታክል ነገር ናት፣ ስትሠራ ማንም አያመሰግናትም፣ ስታቆም ግን እናታችሁ ያስተማረቻችሁን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ትወስዳለች ብዬ ላስፈራራቸው?

መጀመሪያ «ውሃ» ሄደ። ኩባያውን ሳሳያት ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ያም ቀረ። ቀጥሎ «እምቢ» ሄደ። እምቢታዋ እንኳን ናፈቀኝ፤ እምቢ የማይል ልጅ ማጉረስ ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። «አባዬ» ብቻውን ቀረ። ለምንም ነገር እሱኑ ትላለች፤ ሲርባት «አባዬ»፣ ሲያማት «አባዬ»፣ አመሻሽ ላይ ወደ በሩ ዞራ «አባዬ»። ድምፅዋ እየሟሸሸ ሄዶ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ አመሻሽ በሩ ተንኳኳ፣ ወደዚያ አልዞረችም። ጠበቅሁ። በማግስቱም ጠበቅሁ። ዶክተሯ በትንሽ መብራት ዓይኗን አይታ «ብርሃንና ጨለማን ብቻ ትለይ ይሆናል» አለችኝ። ያን ቀን ነው ባለቤቴ ሲደውል «ተሻላት?» ሳይል የቀደምኩት። «ቃሉ ሄዷል» አልኩት። «የአንተ ቃል። ዓይኗም ሄዷል። አሁን እንደፈለግህ ተሳል።» ዘጋሁት።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። የሚሳለው ሌላ ነገር ጠፋበት። የተረፈው ሥራው ብቻ ነበር፤ ሥራዬን ትቼ ገዳም ልግባላት ብሎ ለማስፈቀድ ለመጀመሪያ ጊዜ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ! ከዘመዴ ጋር ተጋብቼ ኖርኩ ብሎ መናገር አፍሮ፣ ያን ሁሉ ወር ካህኑን አንድ ቃል አልጠየቃቸውም። ተለያዩ ያሉት እናቱ ናቸው፤ የቆጠሩት አጎቱ ናቸው፤ የተሳለው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ካህኑ ያዘዙት መስሎኝ እሳቸውን ስረግማቸው ኖሬያለሁ። ሽማግሌው አባት ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው በቁጣ ብድግ አሉ አለኝ። «ማን ነው ይህን ያዘዘህ? ቤቱ ስድስት ይሁን ሰባት፣ የእሱን ነገር እኔ አየዋለሁ፤ ያ የልጅቷ ዕዳ አይደለም። አባትን ከታመመች ልጁ የሚነጥል ስለት እግዚአብሔር መቼ ተቀብሎ ያውቃል? ፈትቼሃለሁ። ከዚህ ተነሥተህ ቀጥታ ወደ ልጅህ ሂድ!»

ከቀትር በኋላ ነበር፤ ልጄን በረንዳ ላይ ፀሐይ እያሞቅኳት። በሩን አንኳኳ፤ በራሱ ቤት። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ብዙ የማወርድበት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለወራት ያሰብኩት፣ የተስተካከለ። ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። «ግባ» አልኩት።

ተንበረከከና ፊቱን ወደ ፊቷ አቀረበ። «ሚጣዬ፣ አባዬ ነኝ። አባዬ መጣ።» ዓይኗ ክፍት ነው፤ ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ ያያል፣ ምንም አያይም። «ሚጣዬ» አላት ደግሞ። እጇን ቀስ አድርጎ ይዞ ጢሙ ላይ አደረገው። ደነገጠች። እጇን ነጠቀችው፤ ባዕድ ሰው እንደነካት ሰውነቷ ተኮማተረና ያቺን የቀረቻትን፣ ቃል የሌላትን ለቅሶ አለቀሰች። አቀፍኳት፣ ጡቴ ላይ ጋደም ስትል ዝም አለች። እሱ እጁ አየር ላይ እንደቀረ ነው።

«አላወቀችኝም» አለ።

«አላወቀችህም» አልኩት።

መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከመንገዱ ወዲያ አፍራሽ መኪናው ይጮኻል፣ ያቆማል፣ ይጮኻል። ከዚያ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ስትጠራኝ... ያኔ፣ አመሻሽ አመሻሽ ስትጠራኝ፣ ምን ትያት ነበር?»

ልዋሸው ፈለግሁ። አቅም አጣሁ።

«እየመጣ ነው እላት ነበር» አልኩት።